ብየዳው መጨረሻ ነው፦ ጎጃም ውስጥ የምግብ መኪና ለመክፈት የሚጠየቁ ፈቃዶችና ፍተሻዎች

በመኪና ምግብ ልሽጥ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ብየዳ ቤት ነው። እኛም ያደረግነው እሱኑ ነው። ከወንድሜ ጋር ሆነን አንዲት ያረጀች ዳማስ ገዛን፣ ጎኗን አስቀደድን፣ መስኮት አስገጠምን፣ ቀይ ቀለም ቀባን። ከዚያ ወረቀት ልናወጣ ሄድን። መስኮቷ ሁለት ጊዜ ተቀድዳ አንድ ጊዜ ተበይዳ ተዘግታለች፤ ለሦስቱም ከኪሳችን ከፍለናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እንደዚህ ነው።

እናንተ ባህር ዳርም ሁኑ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሁኑ ቡሬ ወይ ሞጣ፣ እርጥብ (የድንች ሳንድዊች)፣ በርገር፣ ፉል ወይ የጣና ዓሣ በመኪና ለመሸጥ ካሰባችሁ ቅደም ተከተሉን ከኛ ስህተት ተማሩ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውና ለአድራሻ ነው። መኪና ደግሞ አድራሻ የለውም። ዛሬ ፔዳ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) በር ላይ ነው፣ ነገ ሐይቁ ዳር። ንግድ ቢሮ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «የቤት ቁጥር?» ሲላችሁ የታርጋ ቁጥር ብትነግሩት አይጽፍላችሁም። ግማሹ ጣጣ የሚመጣው ከዚች ነገር ነው። ስለዚህ ሥራውን በሦስት ከፍላችሁ እዩት፦ ምግቡ የሚዘጋጅበት ቤት፣ መኪናው የሚቆምበት ቦታ፣ መኪናው ራሱ። ለሦስቱም የምትሄዱበት ደጅ የተለያየ ነው። ቤቱን ንግድና ጤና ያዩታል፣ መቆሚያውን ማዘጋጃ ቤት፣ መኪናውን ትራንስፖርት።

አንደኛ፦ ቦታውን በወረቀት ያዙ

«እዛ ጋ ሁሌ ሰው ይቆማል፣ ማንም አይናገረውም» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። አትስሙት። ዛሬ ዝም ያለ ደንብ አስከባሪ ነገ ዝም አይልም፣ ያኔ ደግሞ ዘይታችሁ ግሎ፣ ድንቹ ተልጦ፣ አምስት ሰው ተሰልፎ ነው የሚመጣው።

ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ጻፉ፤ ክፍለ ከተማ ባለበት ከተማ ለክፍለ ከተማው። ማመልከቻው ላይ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትሸጡ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆሙ፣ መኪናው መስኮቱ ተከፍቶ ርዝመቱና ወርዱ ስንት ሜትር እንደሚሆን፣ ቆሻሻውንና ፍሳሹን የት እንደምትወስዱ ጻፉ። ከሱ ጋር በእጅ የተሳለም ቢሆን አንድ ንድፍ አያይዙ፦ አስፋልቱ እዚህ፣ የእግረኛው መንገድ እዚህ፣ መኪናው እዚህ። መጋጠሚያ፣ የታክሲና የባጃጅ መጫኛ፣ የእግረኛ መሻገሪያ አጠገብ አትጠይቁ፤ ጊዜ ማባከን ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይም ጀነሬተር ይዞ ለመቆም የሚያስብ ካለ ቅዳሴ ላይ ምን እንደሚባል ይገምተው።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጉት። አንዱን አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና ማህተም አስደርጉና ቤት አስቀምጡ። የኛ ማመልከቻ አንድ ቢሮ ውስጥ ጠፍቶ «አላስገባችሁም» ተብለናል። ኮፒውን ስናሳይ ፋይሉ በአሥር ደቂቃ ተገኘ። ከሌላ ፋይል ጋር ተጣብቆ ነበር።

አሁን የሚሻለውን መንገድ ልንገራችሁ። ለመንገድ የሚከፈት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍልና የመኪና መቆሚያ ተከራዩ። ትልቅ ቦታ አያስፈልግም። የኪራይ ውሉ የቤት ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ማዘጋጃ ወጥ ቤት ይሆናችኋል፣ መጸዳጃ ቤት አለው (ይሄ ወደኋላ ይመጣል)፣ ማታ መኪናው የሚያድርበትም ነው። አንድ ውል አራት ጥያቄ ይመልሳል። ውሉ ግን የተረጋገጠ ይሁን፣ አከራዩም ቤቱ የሱ ስለመሆኑ ማስረጃውን ኮፒ ይስጣችሁ። «ዘመዴ ነው፣ ውል ምን ያደርጋል» የምትሉ ካላችሁ፣ መስኮት ላይ ዘመድነት አይቀበሉም።

ተደራጅታችሁ የምትሠሩ ወጣቶች ከሆናችሁ መጀመሪያ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት እለፉ። ለተደራጁ የሚሰጥ መሸጫ ቦታ ካለ የሚጠየቀው እዚያ ነው።

ሁለተኛ፦ ፋይዳ፣ ቲን፣ ምዝገባ

ይሄኛው ስሙ ያስፈራል እንጂ ቀላሉ ነው። ፋይዳ መታወቂያ ከሌላችሁ ዛሬውኑ ሂዱና ተመዝገቡ። ከዚያ ገቢዎች ሄዳችሁ ቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጡ፤ ከዚህ በፊት ተቀጥራችሁ ስትሠሩ ቲን ወጥቶላችሁ ከሆነ ያንኑ ንገሯቸው፣ ሁለተኛ እንዳታወጡ። አንድ ሰው አንድ ቲን ነው።

ከዚያ ንግድና ገበያ ልማት። የሚመራበት ሕግ በ2008 ዓ.ም የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ነው። ምዝገባና ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ልብ በሉ። ምዝገባው ነጋዴ መሆናችሁን ይመዘግባል፣ ፈቃዱ ይህንን ሥራ እንድትሠሩ ይፈቅዳል። የምዝገባ ወረቀት ይዞ ሥራ የጀመረ ሰው አውቃለሁ፤ እጁ ላይ ማህተም ያለበት ወረቀት ስላለ ፈቃድ መስሎት። አይደለም።

የሥራ መደቡን ስትሞሉ የምትሸጡትን በትክክል ተናገሩ። ትኩስ ምግብ አብስላችሁ የምትሸጡ ከሆነ የምግብ አገልግሎት ነው እንጂ «ሸቀጣ ሸቀጥ» አይደለም። በርካሽ ላውጣው ብሎ ሌላ መደብ ያስሞላ፣ ተቆጣጣሪ የመጣ ቀን ፈቃዱ ራሱ መረጃ ሆኖ ይመሰክርበታል።

ወቅቱን ምረጡ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ግብር ከፋዩም ፈቃድ አዳሹም ያው መስኮት ላይ ነው። የጎጃም ሐምሌ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ ቆሞ አያስጠብቅም። ጥርና የካቲት ላይ የሄደ ሰው ወንበር አግኝቶ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፦ መኪናው (እኛ የወደቅንበት)

መኪና እንደ ቤት በር በፈለጉ ጊዜ የሚቀደድ ነገር አይደለም። በ2002 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 አለ። ሊብሬ (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ የተጻፈው የአካል ዓይነት፣ የመጫን አቅም፣ የሚሰጠው አገልግሎት፣ ሁሉም ከመኪናው ጋር መመሳሰል አለበት። የኛ ሊብሬ የሰው ማመላለሻ ይላል፤ መኪናዋ ግን ወንበር የላትም፣ ጎኗ ክፍት ነው፣ ውስጧ ምጣድ አለ። መርማሪው ዞር ዞር ብሎ አያትና «ይቺ ማናት?» አለን። ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ስለዚህ ብየዳ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሊብሬውንና ልታሠሩት ያሰባችሁትን ንድፍ ይዛችሁ ትራንስፖርት ሂዱ፣ የለውጥ ፈቃድ ጠይቁ። ሲፈቀድ ነው የሚበየደው። ተበይዶ ሲያልቅ ተመልሶ ይመረመራል፣ ሊብሬውም ይስተካከላል። ሌላው ዓመታዊው ምርመራ ነው፣ ቦሎው። ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ፣ መሪ፣ ጭስ። ቆማ የምትውል መኪና ናት ብላችሁ ጎማውን አትናቁ፤ የቆመ መኪና ጎማ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል።

ክብደቱን ሳታሰሉ ለበያጁ ትእዛዝ አትስጡ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ሁለት መቶ ሊትር ሮቶ ጣሪያ ላይ አስቀምጡ ማለት ሦስት ሰው ጣሪያ ላይ አስቀምጡ ማለት ነው፣ መታጠፊያ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ውኃው ታች፣ ከጎማው በላይ ይሁን። ፍሪጁ በመስኮቱ ተቃራኒ ጎን ይሁን፣ መስኮቱ በኩል ሁለት ሰው ስለሚቆም ሚዛኑ ይጠበቃል። ዳገት ቁልቁለቱን ደግሞ አትርሱ። ደጀን ላይ ሸጬ ዓባይ በረሃን ተሻግሬ ጎሐ ጽዮን እደርሳለሁ የሚል ጀግና ካለ ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ያስፈትሽ።

የሦስተኛ ወገን መድን ለማንኛውም ባለመኪና ግዴታ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005። ሙሉ መድን ከገባችሁ ግን ውስጡ ማብሰያና ጋዝ እንዳለ ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቁ። ሳይነገረው ቀርቶ እሳት ቢነሳ ካሳው ክርክር ይሆናል።

መኪናው ሁሉ ይህን ያህል ጣጣ ካለው ለምን ተጎታች ወይም አንድ ቦታ የሚቀመጥ ኮንቴነር አልይዝም የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ለመናገር አንድ ቦታ ብቻ የምትሸጡ ከሆነ ኮንቴነር ይሻላችኋል። መኪና የሚያዋጣው ጠዋት አንድ ጋ፣ ማታ ሌላ ጋ፣ ለጥምቀት ደግሞ ሌላ ጋ ለሚሄድ ሰው ነው።

አራተኛ፦ ጤና

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ብዙ ሰው የሚመለሰው ከዚህ ነው።

ከሰው እንጀምር። ምግብ የሚነካ ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመረመራል፤ ሰገራ፣ ቆዳ፣ ሳል ካለ እሱም ይታያል። «ምግብ የሚነካ» ማለት አብሳዩ ብቻ አይደለም። ሰኞ ሰኞ መጥቶ የሚያግዛችሁ የአክስት ልጅም አለበት። የምርመራ ወረቀቱ የሚያልቅበት ቀን አለው፤ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉት፤ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንዲጮህ። ጋውን፣ የፀጉር መሸፈኛ፣ አጭር ጥፍር። የጋብቻ ቀለበትም ይወልቃል፣ ቅሬታ ያለው ለባለቤቱ ያስረዳ።

ቀጥሎ የብቃት ማረጋገጫው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከላይ አለ፤ መጥቶ የሚያያችሁ ግን የጤና ጽሕፈት ቤቱ የሃይጅንና አካባቢ ጤና ባለሙያ ነው። ወጥ ቤቱንም መኪናውንም ያያል።

ወደኛ የመጣችው አንዲት ዝምተኛ ሴት ነበረች። እኛ ሌሊቱን ስናጸዳ አድረን ስቴንለሱ መስታወት መስሏል። ገብታ ዞር ዞር አለችና «እስቲ እጄን ልታጠብ» አለች። ቧንቧው የት አለ? ከድንች ጆንያ ጀርባ። ጆንያውን ወንድሜ አነሳ። ሳሙናስ? ወጥ ቤት ቀርቷል። ቆማ ጠበቀችን። ወንድሜ ሮጦ ሳሙና ይዞ መጣ፣ ታጠበች፣ ማድረቂያ ፈለገች፣ ያው ዕቃ የምናብስበትን ጨርቅ ሰጠናት። ጨርቁን አልተቀበለችም። ከዚያ ጣቷን የመስኮቱ ማጠፊያ ውስጥ አስገብታ አወጣችና አሳየችን፤ ጥቁር ዘይት። «አርማችሁ ጥሩኝ» አለችና ሄደች። በአጠቃላይ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

እሷ ከጻፈችልን ወረቀትና ከዚያ በኋላ ካየነው፣ የሚፈተሸው ይሄ ነው፦

— እጅ መታጠቢያው ለብቻው ነው፤ ዕቃ የሚታጠብበት ላይ እጅ አይታጠብም። ሳሙና ሁሌ አለ፣ ፊቱ ላይ ምንም አይቀመጥም።
— ዕቃ ሦስት ቦታ ያልፋል፦ በሳሙና ማጠቢያ፣ ማለቅለቂያ፣ በረኪና ጠብ ያለበት መዘፍዘፊያ። መኪናው ጠቦ ሦስት ካልገባ ዕቃውን ወጥ ቤት እንደምታጥቡ አስረዱ።
— የንጹህ ውኃ መያዣና የቆሸሸ ውኃ መያዣ። የቆሸሸው ከንጹሁ ይበልጣል እንጂ አያንስም፣ ምክንያቱም ቅባትና ትርፍራፊም ይገባበታል።
— ወለል፣ ግድግዳ፣ ጠረጴዛ ታጥቦ የሚደርቅ ይሁን። እንጨትና ካርቶን አያልፍም።
— ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ፣ መስኮቱ ላይ የዝንብ መከላከያ ወንፊት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን።
— መጸዳጃ ቤት። መኪና ላይ የለም፤ «ሠራተኞቹ የት ይሄዳሉ?» ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ መልስ አይሆንም። የተከራያችሁበት ግቢ ወይም ከጎናችሁ ያለ ካፌ በጽሑፍ የሰጣችሁ ፈቃድ ነው መልሱ።

ፍሳሹን ቱቦ ውስጥ ወይም ሐይቁ ዳር እንዳትደፉ። ባህር ዳር ላላችሁ ደግሞ፣ ጣና ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው፤ የሳሙና ውኃና የምግብ ትርፍራፊ ለእምቦጩ ቀለብ እንደሚሆንለት የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ሙቀት። ቁም ነገሩ በአጭሩ፣ ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩስ ምግብ ከ60 በላይ። በመሀሉ ያለው ለጀርም የሰርግ ቤት ነው። የበሰለ ነገር ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ሥጋና ዶሮ መሀሉ 70 ዲግሪ ይድረስ። ለዚህ የሚወጋ ቴርሞሜትር ያስፈልጋችኋል፣ በእጅ መዳፍ የሚለካ ነገር አይደለም። ቴርሞሜትሩ ልክ መሆኑን ስትፈትሹ ግን በፈላ ውኃ አትሞክሩት። ማርቆስ ከባህር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ውኃ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባህር ዳር 94 ገደማ። አንድ ወዳጄ 100 አላሳየም ብሎ ደህናውን ቴርሞሜትር ጥሏል። በረዶ ውኃ ውስጥ ክተቱት፣ ዜሮ ካለ ደህና ነው።

ሥጋ የቄራ ማህተም ያለበት ይሁን፣ የገዛችሁበትንም ደረሰኝ ያዙ። ዓሣ ከሆነ በዕለቱ የወጣ፣ በረዶ ላይ ያለ። የጾምና የፍስክ ዕቃ መለየት ተቆጣጣሪ ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ ደንበኛ ግን ይጠይቃል፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴማ ሙሉውን። በቅቤ የጠበሳችሁበትን መጥበሻ ለጾም እርጥብ ብታነሱት ወሬው ከእናንተ በፊት ገበያ ይደርሳል። ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት መጭለፊያ፣ እጀታቸው በቀለም የተለየ።

አምስተኛ፦ ጋዝና እሳት

ሲሊንደሩ ሰው ከሚቆምበት ክፍል ውጪ፣ የራሱ ሳጥን ውስጥ፣ በሰንሰለት ታስሮ ይቀመጥ። የሳጥኑ ቀዳዳ ታች ወለሉ ጋ ይሁን እንጂ ላይ አይሁን፤ የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈስ ወደ ታች ነው የሚተኛው። ብዙ በያጅ ጭስ ነው ብሎ ላይ ይበሳዋል። የጋዙን ጎማ ጠዋት ጠዋት በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቻለሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ቫልቩ ተዘግቶ ነው።

የእሳት ማጥፊያው የዱቄት ይሁን፣ ቀኑ ያላለፈ፣ በሩ አጠገብ የተሰቀለ። የዘይት እሳት ላይ ውኃ በፍጹም። ክዳን ድፉበት፣ ጋዙን ዝጉ። ጀነሬተር ደግሞ ከመኪናው ውጪ ራቅ ብሎ፣ ጭሱ ወደ መስኮቱ እንዳይዞር።

ስድስተኛ፦ ፈቃዱ እጃችሁ ሲገባ

የመቆሚያ ፈቃድ፣ የተስተካከለ ሊብሬ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ ምዝገባ። እነዚህን ይዛችሁ ንግድ ፈቃዱን ትቀበላላችሁ። ዋናው ፈቃድ ሰው በሚያየው ቦታ ይሰቀላል። ዋጋ ዝርዝርም እንዲሁ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍ ያዛል። «ለእናንተ ስንት ልበል» የሚል አሻሻጥ ለጉልት ገበያም አያምርም። ደረሰኙን ገቢዎች ባስቀመጡላችሁ ደረጃ መሠረት ቁረጡ። ፈቃዱን ለሌላ ሰው ማከራየት አይታሰብ።

ከዚያ በኋላ ፍተሻ ሳይነገራችሁ ይመጣል። ጤናም፣ ንግድም፣ ደንብ ማስከበርም፣ አንዳንዴ በአንድ ቀን። አንድ ፋይል መኪናው ውስጥ ይኑራችሁ፣ ሁሉም ኮፒ በተራ የገባበት፣ ፊቱ ላይ የእያንዳንዱ ማብቂያ ቀን የተጻፈበት። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወረፋውን አቁማችሁ አስተናግዱት፣ ግን እርጥብ በነጻ አትስጡት፤ አንዴ ከሰጣችሁ ሁሌ ነው፣ ጥሩው ተቆጣጣሪ ደግሞ ይቀየማችኋል። አስተያየት ከጻፈ ኮፒውን ተቀበሉ፣ ያስተካከላችሁትን በፎቶ ያዙ።

መንገድ የሚዘጋበት፣ የሰዓት ገደብ የሚወጣበት ጊዜ አለ፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ያን ቀን ፈቃድ አለኝ ብሎ መከራከር አይሆንም። ስለዚህ የሚበላሽ ነገር ከአንድ ቀን በላይ አትግዙ።

የፈቃዱን ነገር ሳልጨርስ፦ ኦሪጅናሉን ከመጥበሻው በላይ እንዳትሰቅሉት። የኛን፣ ደንበኛ እንዲያየው ብለን፣ እዛ ሰቀልነው። በሦስት ወር የዘይቱ እንፋሎት መስታወቱ ሥር ገብቶ ወረቀቱ እንደ ቂጣ ቡናማ ሆነ፣ ማህተሙ ደበዘዘ፣ ምትክ ለማውጣት ያው ሰልፍ ላይ ቆምን። ሐምሌ ነበር። አሁን በሾፌሩ በር በኩል፣ በፕላስቲክ ተለብጦ ነው ያለው።